«ፍራንክፈርት አደገኛ ናት?» የወንጀል ካርታና ቁጥር እንዴት ይነበባል



ባለፈው ክረምት ከአዲስ አበባ ለትምህርት የምትመጣ አንዲት ልጅ ጋሉስ ሰፈር ክፍል አግኝታ ነበር። ውሉን ልትፈርም ስትል እናቷ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ፍራንክፈርት ከጀርመን ከተሞች በወንጀል አንደኛ ናት የሚል አነበብኩ። እውነት ነው?» አሉኝ። «አይዞዎት እትዬ፣ ወሬ ነው» ብል ይቀለኝ ነበር። ግን ወሬ ብቻ አይደለም፤ ቁጥር አለው። ሁለት ማታ ኢንተርኔት ላይ ቆይቼ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

1. የፖሊስ ዓመታዊ ስታቲስቲክስ

የጀርመን ፌዴራል የወንጀል ፖሊስ፣ ቡንደስክሪሚናልአምት፣ ከ1953 ጀምሮ በየዓመቱ የሚያወጣው መረጃ በምህጻሩ «ፔ ካ ኤስ» ይባላል። ከድረ ገጹ በነጻ ይወርዳል፤ ትልልቅ ከተሞችን ለየብቻ የሚያሳዩ የኤክሴል ሠንጠረዦችም አሉት።

የሚያስደነግጡት ዜናዎች የሚነሱት ከዚህ ነው። የተመዘገበው ወንጀል ለከተማው ነዋሪ ይካፈልና «ከ100,000 ነዋሪ ይህን ያህል» ይባላል። ፍራንክፈርት ከ700,000 በላይ ነዋሪ አላት። አውሮፕላን ማረፊያው ግን በከተማዋ ክልል ውስጥ ነው፤ በ2024 ብቻ ከ61 ሚሊዮን በላይ መንገደኞችን አስተናግዷል። እዚያ የተሰረቀ ሻንጣ በከተማዋ ላይ ይቆጠራል፤ የሻንጣው ባለቤት ግን ከነዋሪዎቿ ጋር አይቆጠርም። ጠዋት ጠዋት ከኦፈንባህና ከሃናው በባቡር ለሥራ የሚገባው ሰውም እንደዚሁ ነው።

ሌላም አለ። ያለ ፈቃድ አገር ውስጥ መግባትን የመሳሰሉ የውጭ ዜጎች ሕግ ጥሰቶች በጠቅላላው ድምር ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ ሠንጠረዡን ስትከፍቱ እነዚህን ሳይጨምር የተሰላውን ድምር ፈልጉ። ከዚያም ድምሩን ትታችሁ የሚያሳስባችሁን ወንጀል፣ ለምሳሌ የቤት ዘረፋን ወይም የመንገድ ላይ ቅሚያን፣ ለብቻው ተመልከቱ።

2. ካርታዎች

የበርሊን ፖሊስ «ክሪሚናሊቴትስአትላስ» የሚባል ካርታ አለው። ከተማዋን በየሰፈሩ ከፍሎ፣ በወንጀሉ ዓይነትና በየዓመቱ ያሳያል። አንድ ከተማ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት እንደማይሆን እሱን አይቶ መረዳት ይቻላል።

የእንግሊዝና የዌልስ ፖሊስ ድረ ገጽ፣ «ፖሊስ ነጥብ ዩኬ»፣ ደግሞ እስከ መንገድ ድረስ ይወርዳል። እዚያ ያላችሁ ግን ልብ በሉ፦ የተጎጂዎችን ማንነት ለመጠበቅ ሲባል ነጥቡ በትክክለኛው ቦታ ላይ አይቀመጥም፤ በአቅራቢያው ወዳለ አስቀድሞ የተመረጠ ቦታ ይጠጋል። ነጥብ በራችሁ ላይ አረፈ ማለት ወንጀሉ በራችሁ ላይ ተፈጸመ ማለት አይደለም።

የመመረቂያ ጽሑፍ የምትሠሩ ካላችሁ «ኪው ጂ አይ ኤስ» የተባለው ነጻ ሶፍትዌርና «ኦፕን ስትሪት ማፕ» የራሳችሁን ካርታ ለመሥራት ይበቋችኋል።

«ኑምቤኦ»ን ግን በጥንቃቄ። አዲስ አበባን ከፍራንክፈርት አወዳድሮ ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩ ግን የሚመጣው የድረ ገጹ ጎብኚዎች ለመጠይቅ ከሚሰጡት መልስ ነው። ስሜታቸውን እንጂ የተፈጸመውን ወንጀል አይለካም።

3. ካርታው ላይ የሌለው

የነርሲንግ ተማሪ ስለሆንኩ ይበልጥ የሳበኝ ይህ ነው። በዌልስ ካርዲፍ ከተማ ጆናታን ሼፐርድ የተባሉ የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ ተደብድበው ወይም ተወግተው ድንገተኛ ክፍል ከሚመጡት ብዙዎቹ በፖሊስ መዝገብ እንደሌሉ አስተዋሉ። ሆስፒታሉ ሦስት ነገር መጠየቅ ጀመረ፦ የት? መቼ? በምን? የተጎጂው ስም ወጥቶ መረጃው ለፖሊስና ለከተማው አስተዳደር ይሰጣል። በ2011 የወጣ ጥናት፣ ከተመሳሳይ ከተሞች ጋር ሲነጻጸር፣ በካርዲፍ በጥቃት ቆስለው ሆስፒታል የሚተኙ ሰዎች እንደቀነሱ አሳይቷል።

ፔ ካ ኤስም የሚቆጥረው ፖሊስ ያወቀውን ብቻ ነው። እኔ ራሴ አንድ ማታ ባቡር ውስጥ ቦርሳዬ ተሰርቆ «ምን ዋጋ አለው?» ብዬ ዝም ብያለሁ። በስታቲስቲክሱ በኩል ያ ማታ ምንም አልተፈጠረም። በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ በቋንቋ ችግር፣ በመኖሪያ ፈቃድ ጭንቀት ወይም በይሉኝታ ከዚህ እጅግ የከፋውን ደብቆ የሚኖር ስንት አለ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ከተማም እንደዚያው ነው።

ለአስቸኳይ ጉዳይ 110 ይደወላል። አስቸኳይ ካልሆነ በሄሰን ፖሊስ «ኦንላይንቫኸ» በኩል ከቤት ሆኖ ማመልከት ይቻላል። ፖሊስ ዘንድ መሄድ ለሚከብደው፣ የተጎጂዎች ረዳት ድርጅቱ «ቫይሰር ሪንግ» በ116 006 ይገኛል። ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች ደግሞ 116 016 ቀንና ሌሊት፣ በነጻና በበርካታ ቋንቋዎች ያገለግላል።

ለእናቷም ይህንኑ ነገርኳቸው፦ ቁጥር ስናይ ማን ቆጠረው፣ ለስንት ሰው ተካፈለ፣ ምን ቀረ ብለን እንጠይቅ። ልጅቷም ሰፈሩን አንድ ጊዜ በቀን፣ አንድ ጊዜ በማታ ዞራ አየችውና ፈረመች። እትዬ አሁንም ይደውሉልኛል፤ የሚጠይቁኝ ግን ስለ ብርዱ ነው።