ስልኩ ጠፋ፤ ቁጥሩስ?

ጧት ከጀሞ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ወይም ማታ ከሥራ መልስ በጀርመን አደባባይ ግርግር መካከል፣ አንድ ሰው በድንገት ቀጥ ብሎ ቆሞ በመጀመሪያ የኮቱን ኪስ፣ ቀጥሎ የሱሪውን፣ እንደ ገና የኮቱን ሲደባብስ ያየ ሁሉ ነገሩን ሳይነገረው ያውቀዋል። አጠገቡ የቆመው ሰውም «ቆይ እስቲ ልደውልበት፤ ቁጥርህ ስንት ነው?» ይለዋል። ይነግረዋል፤ ይደወላል፤ ስልኩ ተዘግቷል። «እንግዲያውስ ለቤትህ ልደውልልህና ንገራቸው» ሲባል ግን ሰውየው ዝም ይላል። የባለቤቱን ቁጥር በቃሉ አያውቀውም። የእናቱንም አያውቀውም።

ስለዚህ ነገር ዛሬ መጻፋችን ስለ ዕቃው ዋጋ አይደለም። ዕቃው ውድም ቢሆን ተበድሮም ተቆጥቦም ይገዛል። ነገር ግን ትምህርቱን ጨርሶ ለሥራ ያመለከተ ወጣት በአምስትና በስድስት መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ላይ የጻፈው ያንኑ ቁጥር ነው። ለፈተና የሚጠራው በዚያ ነው። ደመወዙ የገባለት መሆኑን የሚያውቀው በዚያ ነው። ኢሜይሉን ሲከፍት ማረጋገጫው የሚላክለት በዚያ ነው። ስለዚህ ኪሱን የሚደባብሰው ሰው የሚፈልገው ስልኩን ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው።

ደግነቱ ግን ስልኩ ጠፋ ማለት ቁጥሩ ጠፋ ማለት አይደለም። ይህንንም ለመረዳት ቁጥሩ የት እንደሚቀመጥ ማወቅ ያስፈልጋል።

ነፋስ ስልክ የሚለው የሰፈሩ ስም ራሱ የቆየ ትምህርት ይሰጠናል። ሽቦ ሳይዘረጋ መልእክት የሚያስተላልፈው መሣሪያ ወደ አገራችን በመጣ ጊዜ አባቶቻችን አሠራሩን አይተው «የነፋስ ስልክ» አሉት፤ ሰፈሩም ስሙን ከዚያ እንዳገኘ ይነገራል። ዛሬ እያንዳንዳችን በኪሳችን የምንይዘው እውነተኛ የነፋስ ስልክ ነው። ከነፋሱ በስተ ጀርባ ግን መዝገብ አለ። ብዙ ሰው የስልክ ቁጥሩ በሲም ካርዱ ላይ የተቀረጸ ይመስለዋል። አይደለም። በሲሙ ውስጥ ያለው 15 አኃዝ ያለው ሌላ መለያና አንድ ምስጢራዊ ቁልፍ ነው፤ የኢትዮጵያ መለያዎች ሁሉ በ636 ይጀምራሉ። በ09 ወይም በ07 የሚጀምረው፣ ለወዳጅ የምንሰጠው ቁጥር ግን የሚኖረው በቴሌኮሙ መዝገብ ላይ ነው። መዝገቡ «ይህ ቁጥር የዚህ ሲም ነው» እያለ ሁለቱን ያገናኛል። ሲሙ ሲጠፋ የአሮጌው ሲም መለያ ይሰረዝና በቦታው የአዲሱ ይጻፋል፤ ቁጥሩ ግን ያው ነው። ሌባው የያዘውም ሲም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ከላስቲክ ቁራጭ አይበልጥም።

እንግዲህ ጥያቄው አንድ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ይኸውም «መዝገቡ ላይ የተጻፈው የማን ስም ነው?» የሚለው ነው። ብዙ ወጣት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ሲል መታወቂያ ገና አላወጣም ነበርና የመጀመሪያውን ሲም በታላቅ ወንድሙ ስም አወጣ። ሌላዋ ደግሞ አብራት በምትኖር ጓደኛዋ መታወቂያ አወጣች። ሌላው ሥራ ሲጀምር አለቃው «ይህን ያዝ» ብሎ የሰጠውን ሲም ዛሬም ይዞት አለ። ሲሙ ሠርቶ እስካደረ ድረስ ነገሩ ማንንም አያስጨንቅም። በጠፋ ዕለት ግን በሽያጭ ማእከሉ መስኮት ላይ የሚጠየቀው የባለ ስሙ መታወቂያ ነው። ወንድም ውጭ አገር ሄዷል። ጓደኛዪቱ አግብታ ሐዋሳ ገብታለች። አለቃውና ሠራተኛው ደግሞ ከተኰራረፉ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። በዚህ ጊዜ መስኮቱ ላይ የተቀመጠችውን ልጅ መቆጣት ጥቅም የለውም። እርስዋ ቁጥሩን ለስሙ ባለቤት ካልሆነ በቀር ለማንም ባለመስጠትዋ የምትጠብቀው እኛኑ ነው። አለዚያማ ሌባውም መስኮቱ ላይ ሊቀርብ ይችል ነበር።

ስለዚህ በሌላ ሰው ስም የወጣ ቁጥር የያዘ ሁሉ፣ ባለ ስሙ በቅርብና በፍቅር ሳለ፣ መታወቂያቸውን ይዘው አብረው ሄደው ስሙን ቢያዛውሩ የሚወስድባቸው አንድ ጧት ነው። በኋላ ግን አንድ ዓመትም ላይበቃ ይችላል። በዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። መታወቂያን በስልኩ ሽፋን ውስጥ ሸጉጦ መያዝ በተማሪዎቻችን ዘንድ የተለመደ ሆኗል። ለአያያዝ ይቀላል፤ ነገር ግን ስልኩን የወሰደ ሌባ ስልኩን ማስመለሻ የሆነውንም ወረቀት አብሮ ወሰደ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ከሽያጭ ማእከሉ በፊት ወደ ፖሊስ ጣቢያ፣ ከፖሊስ ጣቢያ ወደ ወረዳ፣ በወረዳ ደግሞ ሰልፍ ነው።

የመጀመሪያው ሰዓት ሥራ ግን ሰልፍ አያስፈልገውም። ከማንኛውም ሰው ስልክ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ 994፣ የሳፋሪኮም ደንበኛ 700 ደውሎ መስመሩን ማዘጋት ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ የስልክ ቁጥር ማለት የገንዘብ ሂሳብ ቁጥር ማለት ሆኗል። ገንዘቡ በስልኩ ውስጥ እንደ ሳንቲም ተቀምጦ ያለ አይደለም፤ በቁጥሩ ስም በመዝገብ ላይ ነው። ስለዚህ ስልኩ ቢሰበርም ቢሰረቅም ገንዘቡ አይጠፋም፤ የምስጢር ቁጥሩ የተወለዱበት ዓመት ካልሆነ በቀር! የቴሌብር 127፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 951 ነው። እነዚህ ባለ 3 አኃዝ ቁጥሮች በቃል ሊያዙ የሚችሉ ናቸው፤ በጠፋው ስልክ ውስጥ ብቻ ተጽፈው መቀመጣቸው ምን ይረባል?

ለሲሙም ራሱ ቁልፍ ማበጀት ይቻላል። በስልኩ ላይ ብቻ የተደረገ ቁልፍ ሌባው ሲሙን አውጥቶ በሌላ ስልክ ላይ ሲያስገባው አያግደውም። የሲሙ ፒን ግን ያግደዋል፤ 3 ጊዜ ከተሳሳተ ይቆለፋል። የሚከፈተውም ፒዩኬ በሚባለው ባለ 8 አኃዝ ቁጥር ነው። ሲሙ ሲገዛ ይዞት የመጣው ሰፊው ካርድ ላይ የሚጻፈው እርሱ ነውና ካርዱን መጣል አይገባም። አብዛኛው ሰው ግን እዚያው በሱቁ ደጃፍ ይጥለዋል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሌላ ዐይነት ፈተና ነው። አዲሱ ሲም ገና እንደ ሠራ «ከባንክ ነው፤ ከቴሌ ነው፤ የጠፋውን ሂሳብ እንድናስተካክልልዎ አሁን የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩን» የሚል ትሑት ድምፅ ሊደውል ይችላል። የማረጋገጫ ቁጥሩን የጠየቀ ሁሉ ሌባ ነው ብሎ መዝጋት ነው። ባንኩ የራሱን ቁጥር ከእኛ የሚጠይቅበት ምን ምክንያት አለው?

ስለ ሌሎቹ መለያዎች ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሂሳብ ቁጥር 13 አኃዝ ያለው፣ በ1000 የሚጀምር ነው። ደብተሩም መልእክቱም የጠፋበት ሰው መታወቂያ ይዞ ወደ ቅርንጫፉ ቢሄድ ይገኝለታል። የፋይዳ ቁጥር 12 አኃዝ ነው፤ ለብዙዎቻችን የመጣው በስልክ መልእክት ስለ ሆነ መልእክቱ ከስልኩ ጋር ይጠፋል። በዚህ ጊዜ እንደ አዲስ እመዘገባለሁ ብሎ መነሣት ከንቱ ድካም ነው። ምዝገባው ከጣት አሻራና ከዐይን ብሌን ጋር የታሰረ በመሆኑ ሁለተኛው ምዝገባ ውድቅ ይሆናል፤ የሚያዋጣው የፊተኛውን ማስመለስ ነው።

በእኛ አስተያየት አስቸጋሪው ኢሜይል ነው። ምክንያቱም ነገሩ ዙሪያ ጥምጥም ይሆናል። ኢሜይሉን ለመክፈት የስልክ ቁጥሩ ይጠየቃል፤ በስልኩ ላይ የነበረውን ለማስመለስ ደግሞ ኢሜይሉ ይጠየቃል። ቁጥሩ የተለወጠበት ሰው ከሁለቱም ውጭ ቆሞ ይቀራል። ጉግል ለዚህ ሲል ለደንበኞቹ እያንዳንዳቸው 8 አኃዝ ያላቸው 10 መጠባበቂያ ቁጥሮች ይሰጣል። በወረቀት ላይ ጽፎ ከዲፕሎማው ጋር ያስቀመጠ ሰው ስልክም ሲም ሳይኖረው ይገባባቸዋል። እንዲሁም ለረጅም ጊዜ ያልተሠራበት ቁጥር ተዘግቶ በኋላ ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ እንደሚችል ማስታወስ ያሻል። ቁጥር የቀየረ ሰው በባንክና በኢሜይል ላይ የተጻፈውን አሮጌ ቁጥር ካላስለወጠ፣ የሂሳቡ ወሬ ለማያውቀው ሰው ሲደርስ ይኖራል።

ቁጥሩ ተመለሰ፤ ገንዘቡም ተገኘ እንበል። የወዳጆች ስምና ቁጥርስ? ይህ እንደ ተቀመጡበት ቦታ ነው። በሲሙ ላይ ተጽፈው ከነበረ (አብዛኛው ሲም 250 ያህል ስም ይይዛል) ከሲሙ ጋር ሄደዋል፤ አዲሱ ሲም ቁጥሩን እንጂ ስሞቹን ይዞ አይመጣም። በስልኩ ሆድ ውስጥ ብቻ ከነበሩም እንዲሁ ነው። ከጉግል መዝገብ ጋር ተያይዘው ከነበረ ግን በአዲሱ ስልክ ላይ ኢሜይሉን ማስገባት ይበቃል፤ በስሕተት የተሰረዙትንም እስከ 30 ቀን ድረስ መመለስ ይቻላል። ቴሌግራምን በቢሮው ኮምፒዩተር ላይ ጭምር የከፈተ ሠራተኛም ዕድለኛ ነው፤ ስሞቹ እዚያ አሉ፤ የመግቢያ ቁጥሩም ወደዚያው ይላክለታል።

ይህ ሁሉ የሌለው ሰው ወደ ሰው መመለስ አለበት። የእህቱን ስልክ ተቀብሎ ስሞቹን አንድ በአንድ መገልበጥ ይጀምራል። ይህን ጊዜ አንድ የሚያስቅ ችግር ይገጥመዋል። እኛ በስልካችን ላይ ሰውን በአባቱ ስም አንጽፍም። «አበበ ቧንቧ»፣ «አልማዝ ሽንኩርት»፣ «የጀሞው ደላላ»፣ «ሙሌ ኤሌክትሪክ» እያልን ነው የምንጽፈው። የእህት መዝገብ የእህት ነውና በዚያ ላይ አበበ ቧንቧ ምናልባት «አበበ ጎረቤት» ተብሎ ይሆናል። ቀድሞ በአገራችን ይታተም የነበረው የስልክ ማውጫ ሰውን የሚደረድረው በቤተ ሰብ ስም ሳይሆን በራሱ ስም ፊደል ተራ ነበር፤ አበበ የተባለ ሁሉ ተከታትሎ ይሰለፍና የአባትና የአያት ስም ይለየው ነበር። የዛሬው የኪስ ማውጫ ግን አባትን ትቶ በሙያ ለይቷል።

ከስልክ ውጭ የቀረ አንድ አስተማማኝ መዝገብ ቢኖር የዕድር ጸሐፊው ደብተር ነው። በጎፋም በላፍቶም በመካኒሳም የሰፈሩ ሰው ከነአባቱ ስምና ከነስልክ ቁጥሩ፣ በሰማያዊ እስክሪፕቶ፣ በዚያ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ባትሪ አያልቅበትም። ጸሐፊውን አክብሮ ለጠየቀ ሰው የጎረቤቶቹ ቁጥር በአንድ ማታ ይሰበሰብለታል።

በብዙ ቤት ደግሞ ከቁም ሣጥን ሥር አንድ አሮጌ የስልክ ደብተር አለ፤ መደበኛው ስልክ ዳንቴል ለብሶ በጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ በነበረበት ጊዜ የተጻፈ ነው። የአክስትና የአጎት፣ የአባት የሥራ ባልደረቦች ቁጥር እዚያ ላይ አለ። ችግሩ ቁጥሮቹ 6 አኃዝ ብቻ መሆናቸው ነው፤ ልጆች «ይህ የስልክ ቁጥር አይደለም» ብለው ሊጥሉት ይችላሉ። የስልክ ቁጥሮች ባለ 10 አኃዝ የሆኑት በመስከረም 1998 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ የአዲስ አበባ መደበኛ ስልኮች ከፊታቸው 011ና እንደ ማዞሪያ ጣቢያቸው አንድ ሌላ አኃዝ ተጨመረላቸው። ለነፋስ ስልክ የደረሰው 4 ነው። ስለዚህ በደብተሩ ላይ በ42 የሚጀምር የነፋስ ስልክ ቁጥር ያገኘ ሰው ከፊቱ 0114 ጨምሮ ይሞክር። ከዚያ በፊት የወጣ የእጅ ስልክ ከሆነ ደግሞ ከ09 በኋላ 11 ይገባበታል። መስመሩ እስከ ዛሬ ካልተቋረጠ እዚያው ቤት ይጮኻል፤ የሚያነሣው ግን የልጅ ልጅ ሊሆን ስለሚችል ስምን ከነአባት መናገር ያስፈልጋል።