ኢንሌይና ኦንሌይ፦ የቀረውን ጥርስ ለማትረፍ

ባለፈው ሴሚስተር አንዲት እናት መንጋጋ ጥርሳቸው ተሸርፎ ክሊኒካችን መጡ። «ልጄ፣ ንቀልልኝና ልገላገል» አሉኝ። በኤክስሬይና በቅዝቃዜ ስንፈትሸው ነርቩ ደህና ነው። እኔ በልቤ «ክራውን ነው» ብዬ ወስኜ ነበር። መምህራችን ግን «መጀመሪያ የቀረውን ቁጠር» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉዳቱ በከስፖቹ፣ ማለትም በማኘኪያው ጉብታዎች መካከል ብቻ ከሆነ ኢንሌይ ይበቃል። ከስፕ ከተሰበረ ወይም ከሳሳ ደግሞ ኦንሌይ ይሸፍነዋል። ክራውን ግን ጥርሱን ዙሪያውን ስለሚያስሞርድ ጤነኛውንም ይወስዳል።

ፖርሴሊን ብቻውን ተሰባሪ ነው። ስለዚህ ከስፕ በሚሸፍንበት ቦታ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ይፈልጋል። የሚበረታው ከጥርሱ ጋር በደንብ ሲጣበቅ ነው፦ ውስጡ በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይሻክራል፣ ሳይሌን ይቀባል፣ ከዚያ በሬዚን ሲሚንት ይያያዛል። ይህን ሁሉ ሠርተን ምራቅ ካስነካነው ልፋታችን ገደል ገባ ማለት ነው። ጥርሱን በእንቅልፉ ለሚያፋጭ ሰውም ሳያመዛዝኑ አይሠራም።

እኚያ እናት በሁለተኛው ቀጠሯቸው ኦንሌያቸው ተለጥፎ፣ ከጥርሳቸው ጋር ወደ ቤታቸው ሄዱ። የተሞረደ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልምና፣ ጓደኞቼ፣ ሃንድፒሱን ከማንሳታችን በፊት የቀረውን እንቁጠር።