በአፈ ታሪክ የተሸፈነ ትችት በጃፓን የእንጨት ቅርጽ ኅትመት

እ.ኤ.አ. በ1842 የጃፓን መንግሥት የቲያትር ተዋንያንን ምስል በእንጨት ቅርጽ አትሞ መሸጥን ከለከለ። ክልከላው ከፍተኛው ባለሥልጣን ሚዙኖ ታዳኩኒ ቅንጦትን ለመግታት ያወጣው የማሻሻያ መርሐ ግብር አካል ነበር። ማንኛውም ረቂቅ ሥዕል በቼሪ እንጨት ላይ ከመቀረጹ በፊት የመርማሪ ማኅተም ማግኘት ነበረበት።

አፈ ታሪክ ግን አልተከለከለም። ኡታጋዋ ኩኒዮሺ የተባለው ሠዓሊ በ1843 ባወጣው ባለ ሦስት ገጽ ሥዕል፣ የጥንቱ ጀግና ሚናሞቶ ዮሪሚትሱ ታሞ ተኝቷል፤ ከአጃቢዎቹ ሁለቱ የገበታ ጨዋታ ይዘዋል፤ ከጀርባቸው ለበሽታው መንስኤ የሆነችው አስማተኛ ሸረሪት ከአጋንንት ጭፍራ ጋር ትታያለች።

ለመርማሪ ይህ ማንም ልጅ የሚያውቀው ተረት ነው። የኤዶ፣ ማለትም የዛሬዋ ቶኪዮ፣ ነዋሪዎች ግን ሥዕሉን በሌላ መልኩ ተረጎሙት። ተኝቶ የሚታየው ወታደራዊው ገዥ ሾጉን ነው አሉ፤ ከአጃቢዎቹ የአንዱን የቤተሰብ ምልክት አይተው ሚዙኖን ለዩ፤ በአጋንንቱም መርሐ ግብሩ የጎዳቸውን ወገኖች አዩ። ወሬው ሲዛመት አሳታሚው ሥዕሉን ከገበያ ሰበሰበ፤ ቅጂዎቹ ግን በድብቅ መሸጣቸው አልቀረም። ሥዕሉ ምክንያት ነበር ባይባልም፣ ሚዙኖ በዚያው ዓመት ከሥልጣኑ ተነሥቷል።