ለቆየ መኪና የፊት ሞላና አሞርዛተር ስለ መምረጥ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴና በወልድያ አድርጎ ወደ መቀሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የቆቦን ከተማ አቋርጦ ያልፋል። ቆቦ በራያ ቆላ ሜዳ ላይ የምትገኝ ብትሆንም፥ በሰሜን በኩል አላማጣን ካለፉ በኋላ መንገዱ የግራ ካሱን ጠመዝማዛ ዳገት ወደ ኮረም ይወጣል። ወደ ገጠር የሚገቡትን መንገዶች ደግሞ በክረምት ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ አሸዋና ድንጋይ ያለብሳቸዋል። በእንዲህ ያለ አገር የመኪና የፊት እግር ቶሎ ይደክማል። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህም የቆየውን መኪና ጠብቆ መያዝ ይበልጥ አስፈላጊ ስለ ሆነ፥ መለዋወጫ የሚሸጥ ነጋዴ ስለ ሞላና ስለ አሞርዛተር በሚገባ ሊያውቅ ይገባዋል።

በመጀመሪያ የሁለቱን ሥራ መለየት ያስፈልጋል። ሞላ ክብደት ይሸከማል፤ አሞርዛተር ግን ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ የሞላውን መወዛወዝ ያበርዳል። የመኪናው አፍንጫ ቆሞ ሳለ ዝቅ ብሎ ከታየ የደከመው ሞላው ነው። ጉድጓድ ካለፈ በኋላ ደጋግሞ የሚነጥር ወይም ከአሞርዛተሩ ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነ ደግሞ ችግሩ የአሞርዛተሩ ነው። ስለዚህ የወረደውን መኪና ለማንሣት አሞርዛተር ብቻ መግዛት ገንዘብን በከንቱ ማጥፋት ነው።

ከቆቦ መለዋወጫ ፍለጋ ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው አሮጌውን ሞላ ለናሙና ይዞ ይሄድ ይሆናል። ነገር ግን አሮጌ ሞላ ስለ ቁመቱ እውነተኛ ምስክር አይደለም። በሸክም ብዛት ያጠረ ስለ ሆነ፥ በቁመት ከእርሱ ጋር እኩል የሆነ ሞላ ቢገጠም መኪናው እንደ ወረደ ይቀራል። ከናሙናው መታየት ያለበት የሽቦው ውፍረት፥ የጥምጥሙ ብዛትና ስፋት፥ የጫፎቹም አሠራር ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሻንሲ ቁጥር ነው፤ የፋብሪካው የመለዋወጫ ቁጥር የሚገኘው በዚህ ነውና።

የመኪናው ስም ብቻ አይበቃም። በቶዮታ ኮሮላ ፊት ሞላውና አሞርዛተሩ ባንድነት ተጣምረው ይገኛሉ። ዶልፊን የሚባለው ሚኒባስ በፊት በኩል በጥምጥም ሞላ ፈንታ የሚጠማዘዝ የብረት ዘንግ አለው። ለከባድ ሥራ የተሠራው ባለ 70 ቁጥር ላንድ ክሩዘር እስከ 1999 እ.ኤ.አ. ድረስ በፊት በኩል ባሌስትራ ነበረው፤ ከዚያ ወዲህ የተሠራው ባለ ጥምጥም ሞላ ነው። ስለዚህ የተሠራበትን ዓመት መጠየቅ ግዴታ ነው።

ለመጥፎ መንገድ ጠንካራ ሞላ ይሻላል የሚል ሐሳብ አለ። ይህ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ከልክ በላይ የጠነከረ ሞላ ጎማውን ከመሬት ያነጥረዋል፤ በግራ ካሱ መታጠፊያ ላይ መሬት የለቀቀ ጎማ ደግሞ ለመሪም ለፍሬንም አይታዘዝም። ከባድ የፊት መከላከያ ብረት ያልተጨመረበት መኪና የፋብሪካው ልክ ይበቃዋል። በአሞርዛተር በኩል ግን በቆላ ሙቀትና በኮረኮንች መንገድ ለሚሠራ መኪና ጋዝ ያለው ይመረጣል፤ ጋዙ ዘይቱ አረፋ ሆኖ ኃይሉን እንዳያጣ ይጠብቀዋልና።

ሞላም ሆነ አሞርዛተር የግራና የቀኙ ባንድነት መለወጥ አለበት። በአንዳንድ ሞዴሎች የግራና የቀኝ ሞላ ስለሚለያይ የፋብሪካውን የቀለም ምልክት ማስተያየት ይገባል። በኮሮላና በመሰሎቹ ላይ የላይኛው ላስቲክና ኩሽኔታ አብሮ ይታይ፤ ከሥራውም በኋላ የጎማዎቹ አሰላለፍ ይስተካከል። የተጨመቀ ሞላ ሲፈታ ሰው ሊገድል ስለሚችል፥ ሥራው ተገቢው ማጥበቂያ ላለው መካኒክ ብቻ ይሰጥ።

አስመጪዎች ከማዘዛቸው በፊት በአካባቢው የሚሠሩትን መኪናዎች ዓይነትና ዓመት ከጋራዦች ቢጠይቁ፥ ባለ ሱቆችም የተሸጠውን ዕቃ ከመኪናው ሻንሲ ቁጥር ጋር በመዝገብ ቢይዙ፥ ተመላሽ ዕቃ ይቀንስላቸዋል፤ ደንበኛውም ከቆቦ ሁለተኛ ጊዜ መመላለስ አያስፈልገውም።