ሳይዋሐድ የቀረ እንቁላል ምን ይነግረናል?

ባልና ሚስት ልጅ ሳይወልዱ ሲቀሩ ፍርዱ ፈጥኖ የሚወድቀው በሴቲቱ ላይ ነው። «መካን ናት» ተብላ ከትዳሯ የወጣች ሴት በየአካባቢያችን አለች። ነገ ክፍል ገብተን ሳይንስ የምናስተምር እኛ ግን ጉዳዩን ከሥሩ ማወቅ ይገባናል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሳይዋሐድ የቀረን እንቁላል በማይክሮስኮፕ መርምረው ያገኙትን በአጭሩ እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ትክክለኛውን ሂደት እናስታውስ። የሰው ሴል 46 ክሮሞዞሞች አሉት። ቁጥሩ ለብዙ ጊዜ 48 ነው ሲባል ቆይቶ፣ ትጂዮ እና ሌቫን የተባሉ ተመራማሪዎች ስዊድን ውስጥ በትክክል ቆጥረው በ1956 አሳተሙት። እንቁላልና የወንድ ዘር ግን እያንዳንዳቸው የሚይዙት ግማሹን፣ ማለትም 23 ብቻ ነው። የበሰለች እንቁላል ሁለተኛ ክፍፍሏን ጀምራ መሐል ላይ ቆማ ትጠብቃለች። የሚቀሰቅሳት የወንዱ ዘር መግባት ነው። ያኔ ክፍፍሏን ትጨርስና 23 እና 23 ተደምሮ 46 ይሞላል።

ታዲያ ይህ ሳይሆን ሲቀር እንዴት ይታወቃል? በሰው አካል ውስጥ ማየት አይቻልም። መንገዱ የተከፈተው ኤድዋርድስ፣ ስቴፕቶ እና ጂን ፐርዲ እንቁላልንና ዘርን በመስተዋት ዕቃ ውስጥ ማዋሐድ ከቻሉ በኋላ ነው። በዚህ ዘዴ የመጀመሪያዋ ልጅ በ1978 በእንግሊዝ አገር ተወለደች። በዕቃው ውስጥ ሳይዋሐዱ የቀሩትን እንቁላሎች በባለቤቶቹ ፈቃድ መመርመር ተጀመረ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እንቁላሏ በቀጭን የጨው ውኃ ታብጣለች፤ በአልኮልና በአሴቲክ አሲድ ድብልቅ ባለችበት ትደርቃለች፤ መስተዋት ላይ ተዘርግታ ቀለም ትቀባለች። ቀለሙ ብዙውን ጊዜ ጊምሳ ነው፤ ያው ለወባ ምርመራ ደም የሚቀባበት ማለት ነው። ከዚያ ክሮሞዞሞቹ ይቆጠራሉ።

የሚታየው በአራት ይከፈላል።

አንደኛ፣ የእንቁላሏ 23 ክሮሞዞሞች ብቻ ተሰልፈው ይገኛሉ። ዘሩ ጭራሽ አልገባም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ይህ ነው። ምክንያቱ የዘሩ ማነስ ወይም መድከም፣ አለበለዚያ የእንቁላሏ ሽፋን አላስገባ ማለቱ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ እንቁላሏ ገና የመጀመሪያውን ክፍፍል አልጨረሰችም። አልበሰለችምና ዘሩን ለመቀበል አልተዘጋጀችም።

ሦስተኛ፣ ከእንቁላሏ ክሮሞዞሞች ጎን ሌሎች ቀጫጭን ክሮሞዞሞች ይታያሉ። እነዚህ የወንዱ ናቸው። ዘሩ ገብቷል፤ እንቁላሏ ግን አልተቀሰቀሰችም። በተለመደው ሁኔታ ዘሩ ይዞት የሚገባው ፕሮቲን በእንቁላሏ ውስጥ ካልሲየም እንዲመላለስ ያደርጋል፤ መቀስቀሻው እሱ ነው። ፕሮቲኑ ሲጎድል ዘሩ ደጁን አልፎ ገብቶም ቤቱ ይተኛል።

አራተኛ፣ የወንዱና የሴቷ ኒውክለሶች ተሠርተው ሳይገናኙ ይቀራሉ። በሰው ልጅ ሁለቱን የሚያቀራርቡትን ክሮች የሚያደራጀው ሴንትሮሶም የሚመጣው ከወንዱ ዘር ነው። እሱ ካልሠራ መገናኘት የለም።

ስለ ቆጠራው ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 22 ክሮሞዞም ቢገኝ አንዱ በዝርጋታው ጊዜ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ 24 የተገኘበት ይበልጥ ይታመናል። ደግሞም እንቁላል በዕቃ ውስጥ ሲያድር ያረጃል፤ የሚታየው ጉድለት ሁሉ ከመነሻው የነበረ ነው ማለት አይቻልም። የቁጥር መዛባትም ብቻውን ውሕደትን አይከለክልም። አብዛኛውን ጊዜ ጉዳቱ የሚታየው ዘግይቶ፣ ጽንሱ ሳያድግ ሲቀር ወይም ሲጨነግፍ ነው። ይህ መዛባት በእናቲቱ ዕድሜ ይጨምራል።

ጥናቱ ፍሬ አልባ አልነበረም። ዘሩ መግባት ሲያቅተው አንዱን ዘር በቀጭን መርፌ ወደ እንቁላሏ ማስገባት ተቻለ፤ በዚህ ዘዴ የተገኙ የመጀመሪያ እርግዝናዎች በ1992 ከብራስልስ ተነገሩ።

እንግዲህ ከአራቱ ስንቱን በሴቲቱ ላይ ብቻ ማላከክ ይቻላል? አንደኛው ከሁለቱም ወገን ሊመጣ ይችላል፤ ሦስተኛውና አራተኛውም በወንዱ ዘር ሊመጡ ይችላሉ። የልጅ ማጣት ችግር ካለባቸው ባልና ሚስት መካከል ወደ ግማሽ በሚጠጉት ላይ ከወንዱ በኩል ያለ ምክንያት፣ ብቻውን ወይም ከሌላ ጋር ተዳምሮ፣ ይገኛል። ስለዚህ ምርመራው ሁለቱንም ይመለከታል፤ የወንዱ ምርመራ ደግሞ ቀላልና ርካሽ ነው፣ የሚቀድመውም እሱ ቢሆን ይሻላል።

ይህን ትምህርት ስናስተምር 23 ሲደመር 23 ብለን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈን አንለፍ። «የቱ ጋ ሊቆም ይችላል?» ብለን ተማሪዎቹን እንጠይቅ። መልሱን በሥዕል ያገኘ ተማሪ ቤቱ ሲገባ በእናቱ ወይም በአክስቱ ላይ የተወረወረውን ቃል መመርመር ይጀምራል።