የማዕበሉን ድምፅ የማይሰሙ መንገደኞች

አንባቢ ሆይ፤ ለጥቂት ጊዜ ራስዎን በፊሊፒን አገር በአንዲት ትንሽ የደሴት ወደብ ላይ እንደ ቆሙ አድርገው ይገምቱ። ወሩ ሐምሌ ነው። ልብስዎና ስንቅዎ በጀርባዎ ባዘሉት ከረጢት ውስጥ ነው፤ ባለቤትዎም እንዲሁ ከረጢታቸውን አዝለው ከጎንዎ ቆመዋል። ትኬት ቆርጣችኋል፤ ጀልባው ሊነሣ የቀረው ግማሽ ሰዓት ነው። ሰማዩ ጠቁሯል። ድንገት በወደቡ የተቀመጠው ሕዝብ ሁሉ ብድግ ይልና ዕቃውን መሰብሰብ ይጀምራል። ከፊሉ ወደ ትኬት ቤቱ ይሮጣል፤ ከፊሉ ወደ መንገዱ ይወጣል። አንድ ነገር እንደ ተነገረ ታውቃላችሁ። ምን እንደ ተነገረ ግን አታውቁም፤ የተነገረው በድምፅ ማጉያ ነውና፤ እርስዎም ባለቤትዎም መስማት የተሳናችሁ ናችሁና።

እንዲህ ያሉ መንገደኞች በዛሬው ዘመን ብርቅ አይደሉም። ሁለቱም መስማት የማይችሉ ባልና ሚስት ከረጢታቸውን አዝለው ከደሴት ወደ ደሴት ይዘዋወራሉ። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው፣ ገበያ ላይ ዋጋ እንዴት ይጠይቃሉ፣ ምግብስ እንዴት ያዝዛሉ እያለ ነው። ይህስ ቀላሉ ነው። ጣት አለ፤ እርሳስና ወረቀት አለ፤ ዛሬ ደግሞ ጽሑፍን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ የሚመልስ የእጅ ስልክ አለ። የአገሩን ቋንቋ የማያውቅ ሰሚ መንገደኛም ቢሆን ከዚህ የተለየ መሣሪያ የለውም። እንዲያውም ዕድሜውን ሙሉ ቋንቋውን ከማያውቁለት ሰዎች ጋር በእጅና በፊት መግባባትን የለመደ ሰው በባዕድ ገበያ ከሰሚው ይልቅ ሳይቀናው አይቀርም። ጭንቁ የሚመጣው አየሩ ሲለወጥ ነው።

የፊሊፒን ደሴቶች ሲቈጠሩ 7,641 ሆነው ተገኝተዋል። የኢንዶኔዥያ ደግሞ ከ 17,000 ይበልጣሉ። በእነዚህ አገሮች ጀልባ ማለት ለእኛ አውቶቡስ እንደ ማለት ነው፤ ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ዶሮ የያዘችው እናት ሁሉም የሚሄዱት በእርሱ ነው። በፊሊፒን ትንንሾቹን ጀልባዎች ባንካ ይሏቸዋል፤ በግራና በቀኝ የቀርከሃ ክንፍ ተዘርግቶላቸው በውሃው ላይ እንደ ሸረሪት ይሄዳሉ። ቀን ሲወጣላቸው ደስ ያሰኛሉ። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ግን የፊሊፒን ሰዎች ሃባጋት የሚሉት የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ይነግሣል። ወራቱ ከእኛ ክረምት ጋር ይገጥማል፤ ስለዚህ እኛ በአዲስ አበባ ጃንጥላ ስንዘረጋ እነርሱም ዝናቡን ይዘውታል ማለት ነው።

ልዩነቱ ታይፉን የሚባለው ዐውሎ ነፋስ ነው። በዓመት ወደ ሃያ የሚጠጉ እንደዚህ ያሉ ዐውሎ ነፋሶች ወደ ፊሊፒን ክልል ይገባሉ፤ ከነዚህም ስምንት ወይም ዘጠኝ የሚያህሉት በየብስ ላይ ያልፋሉ። ወደ ደቡብ ወርደው ባሊ ደሴት ቢደርሱ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዐውሎውን እንደ እንዝርት የሚያሾረው የመሬት በራስዋ ላይ መዞር ነው፤ ይህ ኃይል ደግሞ በምድር ወገብ አጠገብ ይደክማል። ስለዚህ ከምድር ወገብ ስምንት ዲግሪ ብቻ ርቃ የምትገኘው ባሊ ታይፉንን እምብዛም አታውቀውም። በርስዋ ዘንድ የሚያስፈራው ከኅዳር እስከ መጋቢት የሚወርደው ዝናብና ከሎምቦክ ደሴት የሚለያት የባሕር ወሽመጥ ነው፤ በዚያ ጥልቅ ውሃ የሚያልፈው ፈሳሽ ኃይለኛ ስለ ሆነ ነፋስ ሲታከልበት ጀልባዎቹ በወደብ ታግደው የሚውሉበት ቀን አለ።

ወደ መንገደኞቻችን እንመለስ። በባሕር ላይ አደጋ የሚነገረው በድምፅ ነው። በዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት የመርከብ የአደጋ ጥሪ ሰባት አጫጭር ጩኸትና በመጨረሻ አንድ ረዥም ጩኸት ነው። ይህን ለመስማት እንግሊዝኛ ማወቅ አያስፈልግም፤ ጆሮ ግን ያስፈልጋል። በሌሊት በመርከብ ክፍል ውስጥ የተኙ መስማት የተሳናቸው ባልና ሚስት ሰባቱም ስምንተኛውም ጩኸት ያልፋቸዋል።

ነገሩ ምን ያህል የከበደ እንደ ሆነ የሚያሳይ አንድ ታሪክ ልንገርዎ። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በሰኔ 2008 «ፕሪንሰስ ኦፍ ዘ ስታርስ» የተባለች ትልቅ መርከብ ከ 800 በላይ ሰዎች ይዛ ከማኒላ ወደ ሴቡ ተነሣች። ታይፉን በመንገድዋ ላይ ነበረ። በማግሥቱ በሲቡያን ደሴት አጠገብ ተገለበጠች፤ የተረፉትም በጥቂት ዐሥሮች የሚቈጠሩ ብቻ ናቸው። በዚያች መርከብ ላይ የነበሩት ብዙዎቹ ሰሚዎች ነበሩ፤ መስማታቸው አላዳናቸውም። ስለዚህ ማምለጫው የመርከቡን ጩኸት መስማት ሳይሆን አስቀድሞ ከመርከቡ አለመሳፈር ነው። ዛሬ በፊሊፒን የማዕበል ምልክት በተሰጠበት አካባቢ የባሕር ጠረፍ ጥበቃው ጉዞ ያግዳል።

ይህ ምልክት የሚሰጠው በቁጥር ነው፤ ከአንድ እስከ አምስት። ቁጥር አንድ ሲባል ነፋሱ በ 36 ሰዓት ውስጥ ይደርሳል ማለት ነው፤ ቁጥር ሁለት በ 24፣ ቁጥር ሦስት በ 18፣ አራትና አምስት በ 12 ሰዓት ውስጥ። ለመንገደኞቻችን ከዚህ የተሻለ ወዳጅ አይገኝም። ቁጥር በዓይን ይነበባል፤ በጣትም ይነገራል። ትኬት ሻጩ አምስት ጣቱን ዘርግቶ ቢያሳያቸው ሌላ ትርጓሜ አያሻቸውም። በ 2014 የወጣ ሕግ ደግሞ የስልክ ኩባንያዎች የአደጋ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ያለ ክፍያ እንዲልኩ ያስገድዳል፤ ስልኩም በኪስ ውስጥ ስለሚንቀጠቀጥ ጆሮ አይጠይቅም።

የሆነ ሆኖ ጽሑፍም ቢሆን ቃሉ ካልገባ ዋጋ የለውም። ኅዳር 8 ቀን 2013 ሃያን የተባለው ታይፉን፣ የፊሊፒን ሰዎች ዮላንዳ ያሉት፣ በሰዓት ከ 200 ኪሎ ሜትር በላይ በሚሮጥ ነፋስ የታክሎባንን ከተማ መታ። በፊሊፒን ከ 6,000 በላይ ሰው ሞተ። ብዙውን ሰው የገደለው ነፋሱ አልነበረም፤ ነፋሱ እየገፋ ወደ ከተማው ያስገባው ባሕር ነው። የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ይህ እንደሚመጣ አስቀድመው ተናግረው ነበር፤ ነገር ግን የተናገሩት «ስቶርም ሰርጅ» በሚል የእንግሊዝኛ ስም ነው። ብዙ ሰው ይህን ቃል ሰምቶ አልተረዳውም። «ሱናሚ ቢሉን ኖሮ በሸሸን ነበር» ያሉ የተረፉ ሰዎች ብዙ ናቸው። በጆሮ ሰምቶ ያልገባው ሕዝብ ይህን ያህል ከሆነ፣ በቴሌቪዥን የሰውየውን ከንፈር ሲንቀሳቀስ ብቻ እያየ የተቀመጠው መስማት የተሳነው ሰው ምን ያህል ይሆን?

ፊሊፒን ለዚህ መልስ የሚሆን ሕግ በጥቅምት 2018 አውጥታለች። የሕጉ ቁጥር 11106 ነው፤ የፊሊፒንን የምልክት ቋንቋ መስማት የተሳናቸው ዜጎች ብሔራዊ ቋንቋ አድርጎ ያውጃል፤ በቴሌቪዥን ዜናም ላይ የምልክት አስተርጓሚ እንዲታይ ያዝዛል። በእኔ አስተያየት ትልቁ ነገር አስተርጓሚው በሥዕሉ ጥግ መታየቱ ብቻ አይደለም። «ባሕሩ ወደ ቤታችሁ ይገባል» የሚለውን በእጅ ሲናገሩት መጥፎ ስያሜ ሊሸፍነው አይችልም፤ ውሃው ከፍ ብሎ ቤቱን ሲሸፍን በእጅ ይታያልና። በዚህ በኩል ሰሚዎቹ ባለሙያዎች ከምልክት ቋንቋ ሊማሩ የሚገባቸው ነገር አለ።

ከሁሉ የሚብሰው ሰዓት ግን መብራት የሚጠፋበት ነው። ታይፉን ሲመጣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ይወድቃል። እኔና እርስዎ በጨለማ ውስጥ ብንሆን «የት ነሽ? ደህና ነህ?» ተባብለን እንጽናናለን። እነርሱ ግን ብርሃኑ ሲጠፋ አብሮ አንደበታቸው ይጠፋል። ስለዚህ ልምድ ያለው መስማት የተሳነው መንገደኛ ከምግብ አስቀድሞ በከረጢቱ የሚከተው የባትሪ መብራት ነው፤ አንድ ሳይሆን ሁለት፣ ከትርፍ ድንጋዩ ጋር። እርሱም ሲያልቅ አንዱ በሌላው መዳፍ ላይ ጣቱን እያሳረፈ፣ እጅ በእጅ ተይዞ፣ ምልክቱን በመዳሰስ ይነጋገራሉ። ነጐድጓዱን በደረታቸው ያውቁታል፤ የመስኮቱን መንቀጥቀጥ በእጃቸው ያውቁታል። ማንኳኳት የማይሰማ ስለ ሆነ የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ቁልፍ ይዞ እንዲገባባቸው አስቀድመው በጽሑፍ ይነግሩታል። በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ መተኛት ለሌላው ሰው ጥንቃቄ ነው፤ ለእነርሱ ግን አደጋ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ሰሚውን የሚያስቀና ነገርም አለ። የባንካ ሞተር ሲጮህ በጀልባው ላይ ያለው ሰሚ ሁሉ ዝም ይላል፤ ማን ማንን ይሰማል? እነዚህ ባልና ሚስት ግን አንዱ ከፊት ሌላው ከኋላ ተቀምጠው ስለ ማዕበሉ፣ ስለ ምሳቸው፣ ስለሚያስመልሰው ጎረቤታቸው ሳይቀር እንደ ልባቸው ይጫወታሉ። ባልየው ወደቡ ላይ ቀርቶ ሚስትየዋ በጀልባው ብትርቅ እስኪተያዩ ድረስ ወሬአቸው አይቋረጥም። ከባሕር በታች ጠልቀው ዓሣ ሲያዩ ሌላው አረፋ ሲተፋ እነርሱ ያወራሉ። «ነገሩ ለሰሚው ግራ ነው» የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይገባል።

በነገራችን ላይ በእኛ ቋንቋ «ደንቆሮ» የሚለው ቃል መስማት ከማይችል ሰው ተነሥቶ የማያስተውል ሰው ስድብ ሆኖ ቀርቷል። እኔ በመምህርነቴ ይህን ቃል በክፍል ውስጥ ስሰማ ደስ አይለኝም። የገዛ ፊደላችን እንኳ በጣት ይጻፋል፤ የእጁ ቅርጽ ፊደሉን ሲያሳይ የእጁ እንቅስቃሴ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ድምፅ ይለያል። ይህን ያሰበ ሰው የማያስተውል ነው ማን ይላል?

ብዙ ሰው የምልክት ቋንቋ በዓለም ሁሉ አንድ ይመስለዋል። አይደለም። በማኒላ መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት በ 1907 ያቋቋመችው ዴላይት ራይስ የተባለች አሜሪካዊት መምህርት ስለ ሆነች የፊሊፒኑ ቋንቋ ከአሜሪካው ብዙ ተውሷል፤ ስለዚህ አሜሪካዊ እንግዳ በማኒላ ቶሎ ይግባባል። ባሊ ሲደርስ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም።

በሰሜን ባሊ ቤንግካላ የምትባል መንደር አለች። ነዋሪዎችዋ 3,000 ያህል ናቸው፤ ከእነርሱም አርባ የሚያህሉት ሲወለዱ ጀምሮ አይሰሙም። በሌላው ዓለም እንዲህ ሆነው የሚወለዱት ከሺህ ሕፃናት አንድ ወይም ሁለት ናቸው። ምክንያቱ በዘር የሚወረስ ነው፤ ከአባትም ከእናትም ሲገጥም ብቻ ይገለጣል፤ ሊቃውንትም በ 1998 ዘረመሉን ለይተው አሳወቁ። መንደሩ ግን ሊቃውንቱን አልጠበቀም። ከብዙ ትውልድ ጀምሮ የራሱን የምልክት ቋንቋ ፈጥሯል፤ ካታ ኮሎክ ይሉታል፤ «ኮሎክ» በባሊኛ መስማት የማይችል ማለት ነው። ከሰሚዎቹም እጅግ ብዙዎቹ ያውቁታል። መስማት የማይችሉት ሰዎች ውሃ የሚያመጣውን ቧንቧ ይጠግናሉ፤ መቃብር ይቆፍራሉ፤ ሌሊት መንደሩን ይጠብቃሉ፤ ጃንገር ኮሎክ የተባለ የታወቀ ጭፈራም አላቸው።

ከፊሊፒን ማዕበል የተረፉት ባልና ሚስታችን እዚህ ሲደርሱ ምን እንደሚያገኙ ያስቡ። በየወደቡ ሁለቱ ብቻ የማይሰሙ ነበሩ፤ እዚህ ግን ሰሚው ባለሱቅ ራሱ በእጁ ሰላምታ ይሰጣቸዋል። ቋንቋው ከእነርሱ ቋንቋ ጋር ዝምድና የለውም፤ የጣት ፊደልም የለውም። መጀመሪያ ቀን ይቸገራሉ፤ ቢሆንም ዓይናቸው የለመደ ስለ ሆነ ከሰሚ እንግዳ ቀድመው መግባባታቸው አይቀርም።

ዛሬ ይህ ቋንቋ ራሱ አደጋ ላይ ነው። የመንደሩ ወጣቶች ወደ ሩቅ አዳሪ ትምህርት ቤት ሄደው የኢንዶኔዥያን የምልክት ቋንቋ ይማራሉ፤ ከሌላ አገር መስማት የተሳነው የትዳር ጓደኛም ያገኛሉ። ጋብቻው ለወጣቶቹ መልካም ነው፤ ነገር ግን የትዳር ጓደኛው ያን የዘር ውርስ ካልያዘ የሚወለደው ልጅ ይሰማል፤ በቤታቸውም የሚነገረው የመንደሩ ቋንቋ ሳይሆን የከተማው ነው።

በካታ ኮሎክ ስለ አንድ ቦታ የሚናገር ሰው ጣቱን በእውነት ወደዚያ ቦታ ይቀስራል፤ በቤት ውስጥ ቢሆንም አቅጣጫው አይጠፋውም። ሰዓት ሲጠየቅም ክንዱን ወደ ሰማይ አንሥቶ ፀሐይ በዚያ ጊዜ የምትገኝበትን ስፍራ ያሳያል። ሰዓታችንን ከፀሐይ መውጣት ጀምረን ለምንቈጥር ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም፤ ወደ ምሥራቅ ዝቅ ብሎ ከተቀሰረ ጧት 12 ሰዓት ነው፤ ከራስ በላይ ቀጥ ካለ ቀን 6 ሰዓት ነው። በጥር ወር ደመናው የባሊን ሰማይ ሸፍኖ ፀሐይ ከማትታይበት ቀን እንኳ እንግዶቹ ወደ ሎምቦክ የምትሄደው ጀልባ መቼ እንደምትነሣ ቢጠይቁ፣ ሽማግሌው ክንዳቸውን አንሥተው በደመናው ውስጥ አንዲቱን ስፍራ ያመለክቷቸዋል።