ፍቺ፣ ልጆችና የቤተሰብ ንግድ

«ታክሲው በእኔ ስም ነው፤ ብንፋታ እሷን ምን አገባት?» ከባለ ታክሲዎች ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ባለ ሱቆችም አይለዩም። በዋሽንግተን ስቴት ሕግ መሠረት በጋብቻ ዘመን የተፈራ ንብረት፣ ፈቃዱም ሆነ ሊብሬው በማንም ስም ይሁን፣ በመሠረቱ የጋራ ነው። ዳኛው ግን የግድ እኩል ለሁለት አይከፍሉም፤ ፍትሐዊ ነው ያሉትን ድርሻ ይወስናሉ። ሱቅ ከሆነ ዕቃው ብቻ ሳይሆን ያፈራው ስምና ደንበኛም ሊተመን ይችላል። «እሷ ናት የበደለችኝ» ወይም «እሱ ነው የከዳኝ» ማለት ድርሻን አይለውጥም፤ እዚህ ለፍቺ ጥፋተኛ መፈለግ አያስፈልግም።

ዕዳም ይከፋፈላል፤ ከሁሉ የሚያስቸግረውም እሱ ነው። ፍርድ ቤት «የሱቁን ብድር ባል ይክፈል» ቢልም፣ እርስዎ ባንኩ ዘንድ ከፈረሙ ባንኩ እርስዎንም ይጠይቃል። ባንኩ የፍቺው ተካፋይ ስላልሆነ ውሳኔው አያስረውም። ስለዚህ ፍቺው ከማለቁ በፊት ብድሩ በአንድ ሰው ስም እንዲታደስ ይጠይቁ።

ሽማግሌዎች ያስማሙን ጉዳይስ? በአገራችን በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ይወስኑ ነበር። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ በአዲስ አበባም የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። እዚህም ሽምግልናው ጠበቃ ከሚበላው ብዙ ገንዘብ ያድናል፤ ነገር ግን ስምምነቱ በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ፍቺ አይባልም። ማመልከቻው ገብቶ ለሌላው ወገን ከደረሰ በኋላም ቢያንስ 90 ቀን መጠበቅ ግድ ነው። የኪንግ ካውንቲ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባል፤ አስቀድመው ይጠይቁ። እባክዎ ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ።

ስለ ልጆች የዋሽንግተን ሕግ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ልጁን ማን ወሰደ» በማለት ፈንታ «ፓረንቲንግ ፕላን» የሚባል የአስተዳደግ ዕቅድ ይጠይቃል። ልጁ በየትኛው ቀን ከማን ጋር እንደሚያድር፣ በዓላትን የት እንደሚያሳልፍ፣ ስለ ትምህርቱና ሕክምናው ማን እንደሚወስን ይጻፍበታል። ዳኛው ከሁሉ በላይ የሚመዝኑት ልጁ ከእያንዳንዱ ወላጅ ጋር ያለውን ቅርበት ነው። የሥራ ሰዓትም ይታያል። ሌሊት የሚነዱ አባት ከሆኑ «ሌሊት ስለምሠራ ልጄን አጣሁ» ብለው ተስፋ አይቁረጡ፤ ከትምህርት ቤት የሚያመጡበትን፣ ሐኪም ቤት የሚወስዱበትን ሰዓት ቆጥረው ለሥራዎ የሚስማማ ዕቅድ ያቅርቡ። ልጁ በብዛት የሚኖርበት ወላጅ ከትምህርት ቤቱ ክልል ውጭ ሊዛወር ሲያስብ፣ በመደበኛው ሁኔታ ከ60 ቀን በፊት ማስታወቅ አለበት።

ቀለብ የሚሰላው ከሁለቱም ወላጆች ገቢ ነው። ነዳጅና ኢንሹራንስ ይቀነሳል፤ አከራካሪውን ወጪ ግን ማስረዳት የእርስዎ ፋንታ ነው። ጥሬ ገንዘብ እየተቀበሉ መዝገብ ካልያዙ፣ ገቢዎን ፍርድ ቤቱ ራሱ ይገምታል። ግምቱም ሁልጊዜ የሚወዱት ዓይነት አይሆንም።

ግሪን ካርድዎስ? በዲቪ አብረው የመጡ ባልና ሚስት ቢፋቱ ካርዱ አይነጠቅም። የአሜሪካ ዜጋ አግብተው የሁለት ዓመት ካርድ የያዙ ግን፣ ፍቺው ከጸና በኋላ ብቻቸውን ማመልከት ይችላሉ፤ ጋብቻው የእውነት እንደነበር የሚያሳይ የቤት ኪራይ ውል፣ የጋራ ባንክ ሒሳብና የመሳሰለውን ያዘጋጁ።

የመጨረሻው ጥያቄ የሚያስፈራው ነው፦ «ልጆቹን አገር ቤት ወስዶ ቢያስቀራቸውስ?» ኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ የተወሰዱ ልጆችን የሚያስመልሰው የሄግ ስምምነት አባል አይደለችም። የሌላውን ወላጅ መብት ለማሰናከል ልጅን ከአሜሪካ ማውጣት ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፌዴራል ወንጀል ቢሆንም፣ ልጁን የመመለሱ ነገር ረጅም መንገድ ነው። ስለዚህ ፓስፖርቱን ማን እንደሚይዝ፣ ለጉዞም የጽሑፍ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ በዕቅዱ ላይ ያስጽፉ። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ የአሜሪካ ፓስፖርት በመደበኛው የሁለቱን ወላጆች ፈቃድ ይጠይቃል። በልጁ ስም ማመልከቻ ሲገባ እንዲነገርዎ ደግሞ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዘንድ መመዝገብ ይችላሉ።